በረት፣ ብፌና ባንክ



ቦርደዴ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው ከአሰቦትና ከሚኤሶ በፊት የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚወስደው አስፋልት በመሐሏ ያልፋል። ቆላው ከብት፣ ፍየልና ግመል የሚረባበት ነው፤ ሽቅብ ወደ ጭሮ ሲወጣ ደግሞ ጫትና ቡና የሚበቅልበት የጨርጨር ደጋ ይመጣል። መካከለኛ ገቢ ስላለው ሕዝብና ስለሚገዛው ዕቃ መናገር የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምሳሌውን የሚያመጣው ከቦሌ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከዚህ ሲታይ ይበልጥ ይጠራል ባይ ነኝ፤ የእረኛው ሀብትና የከተሜው ሀብት በአንድ የገበያ ቀን ጎን ለጎን የሚታዩት እዚህ ነውና። ቦርደዴና ጭሮ የሚገኙበት የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በከተማ የሚኖረው ግን ከአሥር ሰው አንድ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞቹ አድገዋል። ብሎኬት ቤቱ፣ ባጃጁ፣ የቴሌቪዥን ዲሹ በዝቷል። ክሱም አብሮ በዝቷል።

ክሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሕዝባችን የቁጠባ ባህል የለውም፤ ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ ለታይታ ያውለዋል» ይባላል። በስብሰባ ይባላል፣ በሬዲዮ ይባላል፣ ራሳቸው ገዢዎቹም ስለ ጎረቤታቸው ይሉታል። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው የአንድ ነጋዴ ወይም የአንድ ጫት አቅራቢ ሳሎን ነው። ግድግዳውን የሸፈነ ብፌ አለ፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎችና ከነወርቅ ቅባቸው የተደረደሩ የቡና ስኒዎች ይታያሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፋብሪካ የለጠፈው ላስቲክ ገና አልተላጠም። ፍሪጁ መብራት በማይቆይበት ሰፈር ውስጥ ቆሟል። ግቢው ጥግ ላይ ሁለት መቶ ያህል ብሎኬት በሸራ ተሸፍኖ ተከምሯል፤ የቤቱ ኮለን ላይ ደግሞ ላልተሠራው ፎቅ የተተወው ፌሮ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ዝጓል። ታዛቢው ይህን አይቶ «አባካኝ» ይላል። የእኔ ክርክር ይህ ሰው ቆጣቢ ነው የሚል ነው። ፍጆታ ብለን የምንቆጥርበት ነገር ባብዛኛው ተቀማጭ ነው፤ የተቀመጠው ግን ባንክ ውስጥ አይደለም።

እንዲህ ያለው የአስተያየት ስህተት በአካባቢያችን ሲፈጸም የመጀመሪያው አይደለም። ሜልቪል ሄርስኮቪትስ የተባሉ አሜሪካዊ የባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጡት ጥናት የምሥራቅ አፍሪካ አርቢ ከብትን የሚያበዛው ከጥቅሙ ይልቅ ለክብሩና ለሥርዓቱ እንደሆነ ጻፉ። ከእሳቸው በኋላ የመጡ የልማት ባለሙያዎች ሐሳቡን ወስደው አርብቶ አደሩ «ከብቱን የሚወድ፣ ገበያ የማያውቅ» ሰው ነው አሉት፤ መንጋውን እንዲቀንስም መከሩት። ጉዳዩን ቀረብ ብለው ያጠኑት በኋላ ሌላ ነገር አገኙ። ዝናብ በሚዋዥቅበት ቆላ አርባ ከብት የነበረው ሰው ድርቅ ግማሹን ቢወስድበት ሃያ ይቀረዋል፤ ከሃያው ተነሥቶ መንጋውን መልሶ ያረባል። አምስት ብቻ የነበረው ግን ሁለት ይቀረውና ከአርቢነት ይወጣል። መንጋው መድን ነበር። ጊደሯ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፣ በእግሯ ሄዳ ገበያ ትደርሳለች፤ የዋጋ ንረት አይበላትም። ክብሩ ከዚህ የመጣ ነው፤ የሚያስከብረው ክፉ ዓመትን የሚያሻግር ሀብት መያዙ ነበር። በበረቱ ላይ የተሠራውን ስህተት ዛሬ በብፌው ላይ እየደገምነው ነው።

የሐረርጌ ከተሜ ገንዘቡን ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥን የተማረው ትናንት አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የጨርጨር ቡና የውጭ ገበያ አገኘ፤ በምላሹ አቡጀዲ፣ ቆርቆሮና ላምባ ገባ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግዛቱን አርአያ ለማድረግ ሲነሡ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ የአስተዳደርና የንግድ ማዕከል ሆነች። ደመወዝተኛውና ነጋዴው ከዚያ ጀምሮ በአንድ ከተማ አብረው ኖሩ። ቡና ነጋዴ ትርፉን የሚያሳርፈው ቤት ሠርቶ በማከራየት ነበር። ይህን መንገድ የደርግ አዋጅ ዘጋው። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ባንኮች ተወረሱ፣ ቀጥሎ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት። በማግስቱ ዓመት ለግል ነጋዴው የካፒታል ጣሪያ ተቆረጠለት፤ ለችርቻሮ 200 ሺህ ብር፣ ለጅምላ 300 ሺህ። እናትና አባት ይህን ለልጅ የሚያስተላልፉት በንግግር ላይሆን ይችላል፤ ሀብት ሁሉ በአንድ ደብተር፣ በአንድ ካርታ ላይ መዋል እንደሌለበት ግን ልጅ ከቤት ያያል።

ደርግ ከወደቀ 30 ዓመት አልፎታል፤ ታዲያ ለምን ዛሬም? መልሱ ሒሳብ ነው። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀንስ የቁጠባ ወለድ መነሻውን ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በግንቦት 37 ደርሶ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው 100 ሺህ ብር ባንክ አስቀመጠ እንበል። ዓመቱ ሲያልቅ 107 ሺህ ይዟል። አምና በ100 ሺህ የሚገዛው ዕቃ ግን አሁን 133 ሺህ ገደማ ነው። ሰውየው ምንም ሳይበላ፣ ምንም ሳይጠጣ፣ ከገንዘቡ አንድ አምስተኛው ጠፍቷል። ያን ቀን ፌሮና ብሎኬት የገዛው ጎረቤቱ ደግሞ፣ ፌሮው ቢዝግም፣ አምና የገዛው ዘንድሮም ግድግዳ ነው። ከሁለቱ ማን ነው አባካኙ? ጥሬ ገንዘብ ቤት ማስቀመጥም መፍትሔ አልሆነም፤ መስከረም 2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር ጊዜው በወራት የተቆጠረ እንደነበር የሚረሳ ነጋዴ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ፍሪጅ የገዛ ሰው፣ ሳይታሰበው፣ የውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ነበር።

መሬት መግዛት የተሻለ አይሆንም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ ገንዘብ መሬት ላይ የሚያርፈው በብሎኬት መልክ ብቻ ነው፤ ሳይጨረስ ዓመታት የሚቆመው ቤት የዕቅድ ጉድለት የሚመስለን ይህን ስለምንዘነጋ ነው። በየዓመቱ ከጫት ወይም ከፍየል ንግድ የተረፈው እንደ አቅሙ አንድ ረድፍ ብሎኬት ይሆናል። በዚህ አካባቢ ያለው ብዙኃኑ ሙስሊም ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ ወለድ መብላት አይፈልግም። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በሌሎች ባንኮች ውስጥ የተከፈቱት ከወለድ ነፃ መስኮቶችም የቅርብ ጊዜ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ በዕቃ፣ በወርቅ፣ በከብትና በዕቁብ ቆጠበ። ከባንክ ዳር መቆሙን እንደ ኋላቀርነት የቆጠረበት ሰው ባንኩ የሚያቀርብለትን አላየም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል አይደሉምና። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ቁጠባ ከሆነ ለምን ይታያል? ወርቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ብፌ የሚቆመው እንግዳ በሚቀመጥበት ፊት ለፊት ነው። ሰርጉስ? በየቀኑ ለጫት በርጫ የሚወጣውስ? ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። በርጫ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ጠፋ፤ ገራባው ሲጣል ከእሱ ጋር የሚቀር ሀብት የለም። ስልክም ቢሆን በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል። የታይታ ፍላጎት የለም ማለት ሰውን አለማወቅ ነው፤ ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ አሜሪካ ባለጠጎች የጻፉት ለማንኛውም ከተማ ይሠራል። ነገር ግን መታየትና መቆጠብ አይጣሉም። በትንሽ ከተማ ንግድ የሚዞረው በዱቤ ነው። ከድሬዳዋ ጨርቅ የሚያመጣው ጅምላ ነጋዴ ለቦርደዴው ወይም ለጭሮው ቸርቻሪ ዕቃ በእምነት ሲሰጥ የሒሳብ መግለጫ አይጠይቅም፤ ቤቱ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ያየው ሳሎን ማስያዣው ነው። ባንክም ቢሆን ብድር ሲሰጥ የሚጠይቀው ካርታ ያለው ቤት ወይም ተሽከርካሪ ነው። ባጃጅ የገዛ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ገዝቷል፦ የዕለት ገቢ፣ ሲቸግር የሚሸጥ ንብረትና ስም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ አይቶ ታይታ ማለት ይቻላል፤ ትክክል ግን አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። «ሰዉ የተሻለ አማራጭ ቢያገኝ ይጠቀምበት ነበር የምትለው እውነት ከሆነ፣ ሲመጣለት ለምን አልተጠቀመበትም?» ይላል። ማስረጃውም አለው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሽያጭ ቀረበ፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ ክፍያው በቴሌብር፣ ማለትም ከቦርደዴ ሳይነሡ። ትርፋማነቱ የታወቀ ድርጅት ነው። የሽያጩ ጊዜ ተራዝሞ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ብቻ ነበር፤ የገዙትም ከ47 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች። ይህ ክርክሬን የሚያፈርስ ይመስላል። እኔ ግን ደጋፊ አድርጌ ነው የማየው። አክሲዮኑ ለሽያጭ በቀረበበት ወቅት መልሰው የሚሸጡበት ገበያ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው፣ እሱም በአንድ ባንክ አክሲዮን ጀመረ። ለአንድ የጭሮ ነጋዴ ጥያቄው «ስንት ያተርፋል?» ብቻ አይደለም፤ «ልጄ ታሞ ሆስፒታል ብገባ ነገ ጠዋት ማን ይገዛኛል?» ነው። ፍየል ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሸጣል። ቴሌቪዥን ጎረቤት ይገዛል። ዋጋው ቢሰበርም ገዢ አለ። ሰዉ ወረቀት ስለሚፈራ አይደለም፤ መውጫውን ስላላየ ነው። እንዲያውም ቴሌብር ራሱ በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል፤ መውጫው ግልጽ የሆነ ነገር ሲመጣ ሰዉ አላመነታም።

ሦስተኛው የደመወዝተኛው ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክሬ ጠበብ ይላል። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የወረዳው ባለሙያ፣ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ በአነጋገሩ፣ በአለባበሱ፣ ልጆቹን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ራሱን ከመካከለኛው ወገን ይቆጥራል፤ ሕዝቡም ይቆጥረዋል። የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ያልተጣራ ደመወዝ እስከ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ 6,940 ብር ነበር፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 11,500 ሆነ። ጭማሪው ትንሽ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣው ንረት ግን ከእሱ ይበልጥ ትልቅ ነበር። ይህ ሰው ዕቃ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትርፍ የለውም። ያለው ስም፣ ዲግሪና የዕቁብ ዕጣ ነው፤ ሶፋ ከገዛ ዕቁቡ ሲደርሰው ነው። ነጋዴው በበኩሉ ዕቃው ሞልቶ ሳለ በሠርግ ቤት «የተማረው» ቀድሞት ይቀመጣል። አንዱ መደብ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ማንነቱ አንዱ ዘንድ፣ ንብረቱ ሌላው ዘንድ ይገኛል። የሚያገናኛቸው ጋብቻና የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ነጋዴው ለልጁ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ደመወዝተኛው ያለውን ስም ለመግዛት ነው፤ ይህን እንኳ ቁጠባ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ዕጣ ነው።

እስካሁን የዕቃ ቁጠባን ስከላከል ቆየሁ። ጉድለቱን ደብቄ ግን አልሄድም፤ ጉድለቱን ከሁሉ ቀድሞ ያየው እረኛው ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረኃብ ባሳተሙት መጽሐፍ የ1966 ዓ.ም. አካባቢውን የሐረርጌ ድርቅ መርምረው ነበር። አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ መሞት ብቻ እንዳልነበር አሳዩ። የተረፈው ከብት በእህል ሲመነዘር የሚያወጣው ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ሲሆን፣ እህልም ሲወደድ፣ አንድ በሬ አምና ከሚያመጣው እህል ጥቂቱን ብቻ አመጣ። ከተሜውም የሚያሰጋው ይኸው ነው። ዕቃ የአንድ ቤት ችግር ሲሆን ያድናል፤ የከተማው ሁሉ ችግር ሲሆን አያድንም። እንግሊዝ ሰኔ 2006 ዓ.ም. ጫትን ስትከለክል ወይም በ2010 ዓ.ም. ገደማ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ድንበር ሰዎች ሲፈናቀሉ የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ የሚታጣበት ሰዓት አለ፤ ብሎኬት ደግሞ በጀርባ ተጭኖ አይሰደድም። በበረት ያለው መፍትሔ ተሞክሯል፤ በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሳተላይት የሣር መረጃ ላይ የተመሠረተ የከብት መድን እየተሸጠ ነው። ለብፌው የሚሆን ተመጣጣኝ ነገር እስካሁን የለም።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ቆጠራው ስለሚሳሳት ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 በቀን ከ2 እስከ 20 ዶላር የሚያወጣውን ሁሉ መካከለኛ መደብ ብሎ ቆጥሮ ከአፍሪካ ሕዝብ አንድ ሦስተኛው፣ ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ እዚያ ውስጥ ነው አለ። ከእነዚህ 60 በመቶ ያህሉ ከ2 እስከ 4 ዶላር የሚያወጡ፣ አንድ ክፉ ዓመት ወደ ታች የሚመልሳቸው እንደሆኑ ሪፖርቱ ራሱ ገልጿል፤ ይህን መስመር ግን የጠቀሰው ጥቂት ነው። ኩባንያዎች ቁጥሩን አምነው መጡ፤ ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያው እንደጠበቀው አይደለም ብሎ በ21 የአፍሪካ አገሮች ካሉት ሠራተኞቹ 15 በመቶውን ለመቀነስ ተነሣ። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ቆጥሮ ገዢ መደብ አገኘሁ የሚል ሰው፣ ከፊሉን የባንክ ደብተር እንደ እራት ቆጥሮታል። ፍሪጅ ያለው ሰው ነገ ቅቤና ቸኮላታ ይገዛል ማለት አይደለም፤ ነገ ፍሪጁን ይሸጥ ይሆናል። ኤርንስት ኤንግል የተባሉት ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1857 ያገኙት መለኪያ ዛሬም ይሻላል፦ ከገቢው ስንት እጁ ለምግብ ይሄዳል? በአገራችን የዋጋ መለኪያ ቅርጫት ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ነው። ሳሎኑ ምንም ያህል ቢሞላ፣ ማዕዱ የገቢውን ግማሽ የሚወስድበት ቤት ገና በመንገድ ላይ ነው።

ክርክሬ የሚፈተንበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የዋጋ ንረቱ ወደ 13 ወይም 14 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ያኔም ቢሆን የ7 በመቶው ወለድ እጥፍ ገደማ ነበር። ንረቱ ከወለዱ በታች ወርዶ ጥቂት ዓመታት ቢቆይ፣ ከወለድ ነፃ ለሚፈልገውም ባንኮች እውነተኛ የትርፍ ድርሻ ቢከፍሉ፣ አክሲዮንም በሳምንት ውስጥ የሚሸጥበት ገበያ ቢኖር፣ በቦርደዴና በጭሮ ግቢዎች ጥግ የሚከመረው ብሎኬት መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ፣ ሰዉ አስተማማኝ ባንክ እያለው ላስቲኩ ያልተላጠ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ከገዛ፣ ታይታ ነው ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ፤ የእኔም ክርክር ይወድቃል።